ኬዙና ልጁ

(«ፍሊ» የተባለውን፣ አሚን የሚባል ከአፍጋኒስታን በልጅነቱ የተሰደደ ሰው ታሪኩን የሚናገርበትን፣ በሥዕል የተሠራ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም አብረን ካየን በኋላ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ለተሰበሰቡ ያገሬ ልጆች የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። መብራቱ ሲበራ ዓይኑን የጠራረገው ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነኝ። ፊልሙን ሳየው ይሄ አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ጊዜ ብቻዬን፣ ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ተከናንቤ ነበር ያየሁት። ዛሬ ከእናንተ ጋር ሳየው ግን ሌላ ፊልም ሆነብኝ። ካቡል ውስጥ ለውትድርና ወጣት ሲለቀም ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «አፈሳ!» አለ። ከሥር የሚሮጠው የስዊድንኛ ጽሑፍ እንዲህ አይልም፤ ለነገሩ ሁለት ሦስት ቃል ደርድሮ ነው የሚያስረዳው። እኛ አንድ ቃል ይበቃናል። በደርግ ጊዜ ልጁን ጣራ ሥር፣ ጎተራ ውስጥ የደበቀ እናትና አባት እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም።

እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። አዘጋጆቹ «አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ «ምን አውቄ!» ብያቸው ነበር። ሙያዬ አስተርጓሚነት ነው። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ቃሉን ሲሰጥ አጠገቡ ተቀምጬ አማርኛውን ወደ ስዊድንኛ፣ ስዊድንኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እዚያ የሰማሁትን ይዤ አልወጣም፤ ዛሬም የማንንም ታሪክ አልነግራችሁም። ስለ ሥራው ወግ ግን መናገር እችላለሁ። የመጀመሪያው ወግ «እኔ» ማለት ነው። ሰውየው «ገረፉኝ» ካለ እኔም «ገረፉኝ» ነው የምለው። «ገረፉኝ ይላል» ብሎ ነገር የለም። ጠዋት ወታደር ሆኜ እውላለሁ፣ ከምሳ በኋላ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ወደ ራሴ እስክመለስ ትንሽ ይቆይብኛል።

ይህን ያነሳሁት ፊልሙ የኔን ሥራ ገልብጦ ስላሳየኝ ነው። እኔ ባለሁበት ክፍል የሰውየው ፊት ከነላቡ፣ ከነእንባው ቁጭ ብሎ ይታያል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ድምፅ ግን የኔ ነው። እዚህ ፊልም ላይ ደግሞ ድምፁ የራሱ የባለታሪኩ ነው፣ ፊቱ በእርሳስ የተሳለ። ስሙም የራሱ አይደለም። አሚን ብለን የምንጠራው ሰው ዴንማርክ ውስጥ ወተት ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ማንም አያውቀውም። የኦስካር ሽልማት ሲሰጥ፣ በ2022 (ዛሬ ዓመት የምጠራው በፈረንጆች ነው)፣ ፊልሙ በአንድ ጊዜ በሦስት ዘርፍ ታጭቶ ነበር፦ በዘጋቢ፣ በአኒሜሽን እና በዓለም አቀፍ ፊልም። ከዚያ በፊት በሦስቱም በአንድ ላይ የታጨ ፊልም አልነበረም። አንዱንም አላሸነፈም፤ ይሁን። የሚገርመኝ ያ ሁሉ ካሜራ በተደረደረበት ዘመን የታሪኩ ባለቤት ፊት ሳይታወቅ መቅረቱ ነው።

የእንግሊዝኛ ቅጂም አለው፤ ታዋቂ ተዋንያን በላዩ ላይ ተናግረውበታል። ፊልሙን ለሌላ ሰው ስታሳዩ እሱን አትምረጡ። ፊቱን ደብቆ የቀረው ድምፁ ብቻ የሆነ ሰው ነው፤ ድምፁንም ሌላ ሰው ከወሰደበት ምን ተረፈው?

ዳይሬክተሩ ዮናስ ፖኸር ራስሙሰን ይባላል። አሚንን ያወቀው በፊልም ሥራ አይደለም። ሁለቱም በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ አሚን ዮናስ ወደሚኖርባት ትንሽ የዴንማርክ መንደር መጣ፤ አንድ ቤተሰብ ተቀብሎት ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚወስደው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተገናኙ፤ ጓደኛ ሆኑ። ይህ ልጅ እንዴት ብቻውን እንደመጣ ግን ዮናስ ለዓመታት አያውቅም ነበር። ዮናስ በሬዲዮ ዘጋቢ ዝግጅት የተካነ ሰው ነው፤ አድገው «ታሪክህን ልሥራው» ብሎ ጠይቆት አሚን ገና ነኝ አለው። ቆይቶ የአኒሜሽን ሰዎችና የዘጋቢ ፊልም ሰዎች የሚገናኙበት ዴንማርክ ውስጥ የተዘጋጀ ዎርክሾፕ ላይ ሲጋበዝ ነው ሐሳቡ የመጣለት፦ ፊቱን ሳናሳይ ብንስለውስ?

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። እዚህ ብቅሉ እርሳስ ሆነ።

«ዘጋቢ ፊልም እንዴት ካርቱን ይሆናል? ካርቱን የልጅ ነው» ላላችሁኝ፣ በእረፍቱ ሰዓት ሁለት ሰዎች ብላችሁኛል፣ አንድ አሮጌ ነገር ልንገራችሁ። በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ሉሲታኒያ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ሰጠመች፤ ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። በቦታው ካሜራ አልነበረም። ዊንሰር ማኬይ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ምስል በምስል እየሣለ የመርከቧን አሰጣጠም ሠራው፤ በ1918 ታየ። እንግዲህ ነገሩ ሲጀመርም እንዲህ ነው። ካሜራ ያልደረሰበት ቦታ እጅ ይደርሳል። እዚህ ስዊድንም በ2002 ተደብቆ የሚኖር የአንድ ስደተኛ ልጅን የድምፅ ቃለ መጠይቅ ወስደው በሥዕል ያጀቡ ሰዎች ነበሩ፤ ልጁ ወረቀት ስለሌለው ፊቱን ማሳየት አይቻልም ነበር።

የአሚን እህቶች ከሩሲያ ወደ ስዊድን የመጡበትን ኮንቴይነር አስቡት። ማን ካሜራ ይዞ ይገባል? አሚን ራሱ እዚያ ውስጥ አልነበረም፤ እህቶቹ የነገሩትን ነው የሚነግረን። አያችሁ ሥዕሉ እዚያ ላይ እንዴት እንደሚለወጥ? ሌላው ቦታ ላይ ቀለሙ ሙሉ ነው፣ የሰው ፊት፣ የልብስ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ኮንቴይነሩ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ይጠፋል፤ በከሰል የተጫረ መስመር ብቻ ይሆናል፣ ፊት የሌላቸው ጥላዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ይወዛወዛሉ። መናገር የሚያቅተው ወይም በወሬ የሰማው ነገር ሲመጣ ሥዕሉ እንዲህ ይሆናል። መሐል መሐል ላይ ደግሞ እውነተኛ የዜና ምስል ይገባል፤ የሰማንያዎቹ ካቡል፣ የዘጠናዎቹ ሞስኮ። «ሥዕል ነው ብለህ እንዳትዘናጋ» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ አዘጋጇ ሰዓቷን እያየች ነው።

ፊልሙ ሲጀምር አሚን ጨርቅ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ካሜራው ከላይ ቁልቁል ያየዋል። ዮናስ ዓይንህን ጨፍን ይለዋል። ከዚያ የሚጠይቀውን ልብ ብላችኋል? ምን ይታይሃል፣ ቤቱ ምን ይመስላል፣ ግቢው ውስጥ ምን አለ። ይሄ ከሬዲዮ የመጣ ልማድ ነው፤ ሬዲዮ ላይ ሥዕሉን የሚሰጥህ ተናጋሪው ራሱ ነውና። ለሠዓሊዎቹም ይህ ዝርዝር የግድ ነበር። ዛፉ የት እንደቆመ ካልነገራቸው ምን ይሥሉ? ሰው ደግሞ ዛፉን ሲያስታውስ ዛፉ ሥር የነበረው ሰው አብሮ ይመጣበታል።

እኔ ባለሁበት ክፍል ጥያቄው ሌላ ነው። መቼ? በስንት ሰዓት? ስንት ሆነው መጡ? የጣቢያው ስም ማን ይባላል? ጠያቂዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ሥራቸው ነው። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት አምስት በሮች አሉት፦ ዘር፣ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል መሆን። የሰው ልጅ መከራ ሁሉ በነዚህ አምስት በሮች ተጎንብሶ መግባት አለበት። ሰፋ ያለ መከራ ይዞ የመጣ ሰው በሩ ላይ ጥቂቱን አራግፎ፣ ጥቂቱን አጥፎ ይገባል። የታጠፈው ነገር ስም አለው። እኛ «ኬዝ» እንለዋለን።

ቃሉን የማያውቅ እዚህ የለም። ኬዝህ ምንድን ነው? ኬዙን ማን ጻፈለት? ኬዟ ተበላሸባት። በመጀመሪያው ኔጋቲቭ፣ እምቢታ ማለት ነው፣ መጣበት፣ ይግባኝ ላይ ነው። አሻራው ጣሊያን ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚያ ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ አማርኛ ነው፤ አገር ቤት ብትናገሩት ግን የፍርድ ቤት ወይ የስልክ ነገር ነው የሚመስላቸው። አንዳንዱ ኬዝ ከታሪኩ ጋር አንድ ነው። አንዳንዱ ታሪኩ ሆኖ ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሌላ ሰው የሰፋው ኮት ነው፤ ትከሻው ላይ ይሰፋል፣ እጅጌው ያጥራል፣ ግን በጋም ክረምትም ለብሶት መኖር አለበት።

የአሚንን ኮት የሰፋው ድንበር አሻጋሪው ደላላ ነው። ሰውየው በሐሰት ፓስፖርት ሲልከው ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነበር፦ ቤተሰቦቼ በሙሉ ሞተዋል በል፣ ማንም የለኝም በል። እውነቱ ከታወቀ እሱም እነሱም ይባረራሉ። ልጁ አመነ። እናቱ በሕይወት አለች፣ ወንድሞቹ አሉ፣ እህቶቹ አሉ፤ ገሚሶቹ እንዲያውም ባሕሩን ተሻግሮ እዚህ ስዊድን ናቸው። እሱ ግን ኮፐንሃገን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሁሉንም በአፉ ቀበራቸው።

አባቱ ገና እሱ ሕፃን ሳለ ኮሚኒስቱ መንግሥት ወስዶት የደረሰበት አልታወቀም። ታላቅ ወንድሙ ለውትድርና ይፈለጋል። በሚያዝያ 1992 መንግሥቱን ይወጉ የነበሩት ታጣቂዎች፣ ሙጃሂዲኖች፣ ካቡልን ሲይዙ ቤተሰቡ በቱሪስት ቪዛ ሞስኮ ገባ። ይሄ በቂ አልነበረም? ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ እንደኔ እንደኔ ግን ልጁ እውነቱን ይዞ ቢቀርብ ኖሮ የሚያዳምጠው አያጣም ነበር። ችግሩ ስለ ሕጉ የነገረው ሰው በነፍስ ወከፍ የሚያስከፍል መሆኑ ነው።

ያቺን ደብተር የያዘበትን ቦታ ቆም ብዬ ላንሳው። አሚን አንድ አሮጌ ደብተር ያወጣል፤ ዴንማርክ እንደገባ የጻፈበት ነው፣ በዳሪ፣ በአፍጋኒስታኑ ቋንቋው። ያነባል። ያነባል ስል፣ ይንገዳገዳል፤ የልጅነቱ ፊደል ርቆታል፣ ቃሉ ያመልጠዋል። ደብተሩ ላይ ያለው ሙጃሂዲኖች መጥተው ቤተሰቡን እንደጨረሱ ነው። እኛ ተመልካቾች እዚያ ድረስ አምነነዋል። ቆይቶ ነው ይሄም ኬዙ እንደሆነ የሚገባን። እስቲ አስቡት፤ አንድ ልጅ ብቻውን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም በማያነብለት ቋንቋ፣ በራሱ ደብተር ላይ ውሸቱን በእጁ ይጽፋል። ለማን ነው የሚጽፈው? ፖሊስ ዳሪ አያነብ። መጀመሪያ ሳየው ፊልሙን አቁሜ ውኃ ልቀዳ ተነሳሁ።

ከዚያ በኋላ ኬዙ አለቃ ሆነ። ጓደኛ ሲጠይቅ ያው ኬዝ፣ አስተማሪ ሲጠይቅ ያው ኬዝ። አንድ ጊዜ ለሚወደው ሰው እውነቱን ነገረው፤ ሲጣሉ ሰውየው አጋልጥሃለሁ ብሎ አስፈራራው። ዳግመኛ አፉን ዘጋ። ሃያ ዓመት!

ስለሚወደው ሰው ካነሳሁ አይቀር፣ አሚን ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው። ይህን ስል ወንበር ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ክርክር ልከፍት አልመጣሁም፤ ዘልዬው ብሄድ ግን ሙሉውን ፊልም ዋሽቼ ያወራሁላችሁ ይሆናል፤ የውሸት ነገር ደግሞ ዛሬ ይበቃናል። ልጁ ሁለት ምስጢር ተሸክሞ ነው የሚዞረው። አንዱን ከመንግሥት ይደብቃል፣ ሌላውን ከቤተሰቡ። የሁለተኛው አወጣጥ ይገርመኛል። ስዊድን መጥቶ ለእህቶቹና ለታላቅ ወንድሙ ሲነግራቸው ወንድሙ ምንም ሳይል መኪና ውስጥ አስገባው። ልጁ አለቀልኝ አለ። ወንድሙ ወስዶ እንደሱ ያሉ ወንዶች የሚዝናኑበት ክበብ በር ላይ አወረደው፤ ገንዘብም በእጁ አስጨበጠው። ከዚያ በላይ ንግግር የለም። ያን ወንድም እወደዋለሁ። የኛም ታላቅ ወንድሞች ሲወዱ እንዲህ ናቸው፤ አፋቸው አይፈታም፣ ኪሳቸው ይፈታል።

ወደ ሥራዬ ልመለስና አንድ ነገር ልናዘዝ። እንደጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ቃሉን ሲሰጥ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጥተው በሩን ሰበሩት» አለ። እኔ ደክሞኝ ነበር፤ ስምንት አልኩ። በነሱ ቆጠራ ስምንት የጠዋት ነው፤ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት፣ ፀሐይ የወጣበት። ኋላ ሰውየው «በጨለማ የሰውየውን ፊት አላየሁትም» ሲል ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «በጠዋት ስምንት ሰዓት ጨለማ ነበር?» ልቤ ቀጥ አለ። ስህተቱ የኔ ነው ብዬ እዚያው አረምኩት፣ መዝገቡም ተስተካከለ። ግን ባልሰማሁትስ? ስድስት ሰዓት እኮ ነው ልዩነቱ! በዓመት ስትመጡ ደግሞ ሰባት ስምንት ነው። አንዱ «በዘጠና ሰባት ምርጫ ጊዜ ታሰርኩ» ይላል። እኛ ማለቱ 2005 እንደሆነ በእንቅልፍ ልባችን እናውቃለን። 1997 ብሎ የተረጎመ ካለ ግን ሰውየው ምርጫ ባልነበረበት ዓመት ምርጫ ላይ ታስሯል። «ወንድሜ»ም አለ። የአክስቱን ልጅ ወንድሜ ብሎ ያደገ ሰው መጀመሪያ ቀን አምስት ወንድም አለኝ ይላል፣ ቅጽ ሲሞላ ሁለት ይጽፋል። ሦስቱ የት ሄዱ?

ይህን ሁሉ የማነሳው እውነተኛውም ሰው ቢሆን እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል በቀጭን ገመድ ላይ እንደሚሄድ እንድታዩልኝ ነው። እውነት ስትናገር አትጠነቀቅም፤ የሚያስታውስ ሰው ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ «ቆይ፣ ቆይ» ይላል። ያጠና ሰው አይሳሳትም። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው እውነተኛ ታሪኩን ራሱ እንደ ኬዝ ያጠናዋል። በቃሉ ይሸመድደዋል። የገዛ እናቱን ሞት በተራ ቁጥር! ከዚያ ወዲያ ሲያስታውሳት የሚመጣበት እናቱ ትሁን ወረቀቱ እንጃ።

ዮናስ «ዓይንህን ጨፍን» ሲል ያደረገው ይሄን ገመድ መፍታት ነው ባይ ነኝ። ቀን አልጠየቀውም። መጀመሪያ ላይ ከጨለማው ምን ወጣ? የእህቱን የሌሊት ልብስ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በካቡል መንገድ የሚሮጥ ሕፃን። የኖርዌዮቹን የኤ-ሃ ባንድ ዘፈን እየሰማ። ካቡል ከጦርነት ሌላ ነገር የነበራት ከተማ መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛም እኮ «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስንል የሰማንያዎቹ ረኀብ ፊታቸው ላይ ሲመጣ እናያለን፤ ያኔ በቴሌቪዥን ያዩት ሕፃን ስንቱን ዘመን አብሮን ይጓዛል።

ኖርዌይን አስታውሱልኝ፤ ትመለሳለች።

ሞስኮን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በዚያው ሰሞን እዚያ የነበሩ የኛም ተማሪዎች፣ የላካቸው መንግሥት ወድቆ፣ የተቀበላቸውም አገር ፈርሶ ማን ላይ እንደሚንጠለጠሉ ጠፍቷቸው ነበር። የአሚን ቤተሰብ ቪዛው ሲያልቅ አፓርታማ ውስጥ ተዘጋ። ቴሌቪዥን ላይ የሜክሲኮ ተከታታይ ድራማ ያያሉ፤ ዛሬ አገር ቤት የቱርኩን በአማርኛ እንደሚያዩት። ፖሊስ ካገኛቸው ያላቸውን ይቀማል። ማክዶናልድስ አዲስ በተከፈተበት አካባቢ፣ ሕዝቡ ለበርገር በተሰለፈበት፣ ፖሊስ አንዲት ስደተኛ ልጅን መኪናው ውስጥ ያስቀራታል፤ አሚንና ወንድሙ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ስለዚያ ዝምታ የሚናገርበት ድምፅ ከፊልሙ ሁሉ ዝቅ ያለው ነው። በሊቢያ በኩል የመጣ ሰው ይህን እኔ ላስረዳው አልሞክርም።

ከዚያ ባሕሩ። ጀልባዋ ውኃ ታስገባለች፣ በእጅ እየቀዱ ይደፋሉ፣ እናትየው ዋና አታውቅም። ድንገት አንድ የኖርዌይ የመዝናኛ መርከብ ይመጣል፤ እንደ ሕንፃ ቆሞ። ጀልባው ላይ ያሉት ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ድነናል ነው። ከላይ ደግሞ ተጓዦቹ ከበረንዳቸው ዘንበል ብለው ፎቶ ያነሱዋቸዋል። አሚን ደስ አላለውም፤ አፈረ። ካቡል ሆኖ በጆሮው ይሰማት የነበረችው ኖርዌይ መጣችና ከላይ ወደታች አየችው። ይህን የኖርዌይ ነገር ፊልሙ አይለውም፤ እኔ ነኝ ያገናኘሁት፤ ዳይሬክተሩን አትጠይቁልኝ። መርከቡ አላሳፈራቸውም፤ ባለሥልጣን ተጠርቶ ኢስቶኒያ ተወሰዱ፣ ለወራት አንድ ግቢ ተዘጋባቸው፣ ተመልሰው ሞስኮ።

ፎቶዎቹ የሆነ ቦታ ይኖራሉ፤ በአንድ የጡረተኛ ቤት፣ አልበም ውስጥ፣ ከባሕር ዳርቻና ከኬክ ፎቶ መሐል። ካሜራ የነበረበት አንዱ ሰዓት እሱ ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ሥዕሉ የሚያሳርፈኝ፤ የሣለው ሰው ከላይ ቆሞ አላነሳውም፣ ጠይቆ ነው የሣለው።

ስለ ቤት ልናገርና ልጨርስ። ዮናስ ገና መጀመሪያ ላይ የሚጠይቀው ቤት ማለት ላንተ ምንድን ነው ብሎ ነው። የአሚን መልስ ባጭሩ ከዚያ ወዲያ ሂድ የማይሉህ ቦታ ነው የሚል ነው። አስተርጓሚ ነኝና ይህችን ጥያቄ በአማርኛ ልመልሳት ሞክሬ አቃተኝ። ስዊድንኛው «ሄም» ይላል፤ የምትኖርበትም፣ የመጣህበትም፣ ልብህ የሚያርፍበትም በአንድ ቃል። እኛ «ቤት» ስንል አራቱ ግድግዳ ነው፤ ኪራዩ ስንት ነው የሚባልለት። ልብ ያለበትን ስንፈልግ «አገር ቤት» እንላለን። አገር ቤት ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ስቶክሆልም የኖረ ሰው፣ ልጆቹ እዚሁ ተወልደው አማርኛውን በስዊድንኛ ዜማ የሚናገሩለት ሰው፣ «አገር ቤት ልሄድ ነው» ሲል ወደ ቦሌ ነው። ወደዚህ ሲመለስ ምን ይላል? «ተመለስኩ» ብቻ። ወዴት እንደሆነ ቃል የለንም።

አሚን ዳሪውን ሊያነብ ተቸግሯል፣ ዴንማርክኛው ይፈሳል፣ እንግሊዝኛውም ለምርምር አሜሪካ ድረስ ወስዶታል። ወዳጁ ቤት እንግዛ ይለዋል። አብረው ይዞራሉ፣ ያያሉ፤ ሰውየው ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚተከለውን ያቅዳል፣ አሚን ፊቱ ፈገግ እያለ ዓይኑ መውጫውን ይፈልጋል። ሌላ ሥራ፣ ሌላ ከተማ፣ ሌላ በረራ። የሚያባርረው የለም እኮ! ወረቀት አለው፣ ዲግሪ አለው። ሩጫው ግን እግሩ ውስጥ ቀርቷል። እዚህ ካላችሁት መካከል ሻንጣውን ቁም ሣጥን ላይ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ የሚያስቀምጥ ስንት ነው? እጅ አታውጡ። እኔም አላወጣም።

በመጨረሻ ቤቱን ይገዛሉ። የመጨረሻውን ምስል ያያችሁት አያችሁት፤ ኮት ስትፈልጉ ያመለጣችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በ2008 የወጣ «ዋልዝ ዊዝ ባሺር» የሚባል የእስራኤል አኒሜሽን ፊልም አለ፤ በ1982ቱ የሊባኖስ ጦርነት የተዋጋ ዳይሬክተር የጠፋበትን ትዝታ ሲፈልግ ነው። እስከ መጨረሻው ሥዕል ነው፣ መጨረሻ ላይ ድንገት እውነተኛ ምስል ይሆናል፤ ሳብራና ሻቲላ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የተጨፈጨፉ ሰዎች አስከሬንና የሚያለቅሱ ሴቶች። እዚህም ሥዕሉ መጨረሻ ላይ ወደ እውነተኛ ምስል ይለወጣል። የሚታየው ግን የጓሮ አትክልት ነው። ሰው የለበትም። ሣሩ ለምልሟል፣ ቅጠሉ በነፋስ ይወዛወዛል።

ዛሬ እዚያ ላይ ሲደርስ ከፊት የተቀመጡት እናት፣ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰምቼዎታለሁ፣ ለልጅዎ ዘንበል ብለው ምን እንዳሉ። «ይሄ ቅጠል ጎመን ነው?» ነው ያሉት። ልጅዎም ትኩር ብሎ አይቶ «ይመስላል እማዬ» አለዎት። አይመስለኝም፤ ግን ይሁን። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ፤ ሻዩም ደርሷል መሰለኝ።